ከደጀ ሰላም እስከ ጉባኤ፤ ዐይነ ስውራን በዜማና በቅኔ ትምህርት

የደብር ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ጊዜ የሕንፃውን መሠረት ያኖሩትን፣ ጉልላቱን ያስተከሉትን፣ ደወሉንና መጋረጃውን የሰጡትን አባቶችና እናቶች በስማቸው እየጠሩ ማመስገን የቆየ ልማድ ነው። ልማዱም መልካም ነው፤ የአባቱን ውለታ የረሳ ልጅ ለልጁ የሚያወርሰው የለውምና። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ቀን ሳይጠሩ የሚቀሩ ስሞች አሉ። እነዚህም ዐይናቸው ሳያይ ዜማውን በጆሮአቸው ተቀብለው፣ ቅኔውን በልባቸው ቆጥረው፣ ለብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተላለፉ ዐይነ ስውራን መምህራን ናቸው።

ዐይነ ስውር ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከጥንት ጀምሮ ሁለት ስፍራ ነበረው። አንደኛው ደጀ ሰላሙ ነው፤ በዚያ ተቀምጦ ከሚገባውና ከሚወጣው ሕዝብ ምጽዋት ይቀበላል። ሁለተኛው ጉባኤው ነው፤ በዚያ በወንበር ተቀምጦ ዕውቀት ይሰጣል። በደጀ ሰላም ያለው እጁን ይዘረጋል፤ በጉባኤ ያለው ግን ዐይናማው ተማሪ ከፊቱ ተንበርክኮ ቅኔውን ይነግረዋል፣ ይታረምለታልም። ሁለቱ ሰዎች በሕመማቸው አንድ ሆነው ሳሉ በኑሮአቸው ሰማይና ምድር ናቸው። እንግዲህ አንዱን ከደጀ ሰላሙ አንሥቶ ወደ ጉባኤው ያሻገረው ምንድር ነው? ብዙ ሰው ርኅራኄ ነው ብሎ ይመልሳል። ርኅራኄ ግን ቁራሽ ይሰጣል እንጂ ወንበር አይሰጥም። የዚህ ጽሑፍ ነገር፣ ሰውየውን ያሻገረው የትምህርቱ ሥርዓት መሆኑን ከታሪክ ማሳየት ነው። ጥበቡ በምን በኩል እንደሚገባ አስቀድሞ የታሰበ እንደ ሆነ ዐይን የሌለው በጆሮው፣ ጆሮ የሌለው በዐይኑ ይገባበታል፤ ያልታሰበ እንደ ሆነ ግን በሩ ለአንዳንዱ ብቻ ተከፍቶ ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው የእስክንድርያው ዲዲሞስ ነው። ዲዲሞስ በ313 እ.ኤ.አ. ገደማ ተወልዶ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ዐይኑ ጠፋ። ፊደልም ገና አልቈጠረም ነበር። ይሁን እንጂ ከመማር አልተከለከለም፤ በጣውላ ላይ ጠልቀው የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ቅርጻቸውን ለየ፤ የቀረውንም ሌሎች ሲያነቡ እየሰማ በልቡ አኖረ። ሰዋስውን፣ የንግግርን ጥበብ፣ የቁጥርን ትምህርትና መጻሕፍተ አምላክን አከናውኖ ዐወቀ። ሊቀ ጳጳሳቱ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ያው ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጵጵስናን ሰጥቶ ወደ ኢትዮጵያ የላከው፣ የእስክንድርያን የትምህርት ቤት በዲዲሞስ እጅ አደረገለት። ዲዲሞስም እስከ 398 እ.ኤ.አ. ገደማ ድረስ በሕይወት ቆይቶ ረዥም ዘመን አስተማረ፤ ሄሮኒሞስና ሩፊኖስ የተባሉት የላቲን ሊቃውንትም ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ሰሙት። አባ እንጦንስ ሊጎበኘው በሄደ ጊዜ፣ ዝንብና ጉንዳን እንኳ ስላላቸው ዐይን እንዳያዝን፣ ለቅዱሳን ስለ ተሰጠው የልብ ዐይን ግን ደስ እንዲለው መክሮታል ተብሎ ይተረካል።

ከሞተ በኋላ በ553 እ.ኤ.አ. በቍስጥንጥንያ ጉባኤ ዘመን ስሙ ከአርጌንስ ትምህርት ጋር ተያይዞ ስለ ተነቀፈ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ጠፍተው ቀሩ። በ1941 እ.ኤ.አ. ግን ከካይሮ አጠገብ ጡራ በተባለው የድንጋይ መቍረጫ ዋሻ ውስጥ ከትርጓሜዎቹ ብዙ ቅጠል የፓፒሩስ ጽሑፍ ተገኘ። ስለ ትምህርቱ ሊቃውንት ይከራከሩ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚፈለገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የፊደሉ ቅርጽ በጣውላ ላይ መቀረጹ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ጣውላ ባይቀርጽ ኖሮ ያ ሕፃን በእስክንድርያ ደጃፎች ከሚለምኑት እንደ አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዚያው በጥንቱ ዘመን ከተጻፈው ሥርዓት ውስጥም ልብ የሚባል ነገር አለ። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናዎች ዐይኑ የታወረ ወይም ጆሮው የደነቆረ ሰው በኤጲስ ቆጶስነት እንዳይሾም ሲያዝዙ ምክንያቱን ጨምረው ይናገራሉ፤ ሰውየው ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ እንዳይሰናከል ነው እንጂ። አንድ ዐይኑ የተጎዳውንና እግሩ ያነከሰውን ግን፣ የሚገባው ሰው ከሆነ፣ አይከለክሉም። የአካል ጉዳት ነውር ወይም የኀጢአት ምልክት አለመሆኑን አባቶች በዚህ ቃል ለይተው አስቀመጡ። በአጉል ልማድ ተይዞ ዐይነ ስውር ልጁን ከሰው ዐይን የሚሸሽግ ቤተ ሰብ ይህን የአባቶች ሥርዓት ቢሰማ ኖሮ ልጁን ከጓዳ ባወጣው ነበር።

ወደ ሀገራችንም ስንመለስ፣ ዕውርነት በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ይታወቃል። ፈንጣጣ በየትውልዱ እየተነሣ የገደለውን ገድሎ፣ ከሞት የተረፈውን ብዙውን ዐይኑን ያጠፋው ነበር። ይህ ደዌ በኢትዮጵያ የቆመው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ከዓለምም መጥፋቱ በ1980 እ.ኤ.አ. ታወጀ። ትራኮማ የሚባለው የዐይን ማዝ ደግሞ ውሃ በራቀበትና ዝንብ በበዛበት አገር ሁሉ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ እየቀለበሰ ዐይንን የሚያሳውር ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ዐይነ ስውር ልጅ ነበረ፤ እርሻ ሊያርስ፣ ከብት ሊጠብቅ፣ ነጋዴ ሊሆን የማይችለውን ይህን ልጅ አባቱ እጁን ይዞ ወደ ደብር ሲያደርሰው የሚታይ ነገር ነበረ። ከደብሩ ሲደርስም ደጀ ሰላሙና ጉባኤ ቤቱ በአንድ ቅጽር ውስጥ ነበሩ።

ጉባኤ ቤቱ ይህን ልጅ ለመቀበል የቻለበት ምክንያት ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ታሪክ ይታወቃል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ምዕት ዓመት ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ደረሰ። ድፋት፣ ጭረት፣ ቅንት፣ ርክርክ እየተባሉ በቃሉ ራስጌ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ግን የተሠሩት በ16ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሲሆን፣ የሠሩትም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በመካከሉ ሺህ ዓመት ያህል ዘመን አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ፣ ከተማሪ ጆሮ ወደ ልቡ እየተላለፈ ኖረ። ስለዚህ ጽሑፉ በዜማው ላይ በኋላ የተጨመረ ረዳት ነው፤ ምልክቱም ለሚዘነጋ ሰው የተሠራ ምርኩዝ ነው እንጂ ዜማው ራሱ አይደለም። ዐይናማውም በምርኩዝ ይሄድ እንደ ነበረ ያስተዋለ ሰው በዐይነ ስውሩ ምርኩዝ አይደነቅም።

በጉባኤ ቤትም ሁለት ዐይነት ትምህርት አለ፤ አንደኛው በብራና ላይ የሚነበበው ነው፤ ሁለተኛው የቃል ትምህርት ነው። የቃል ትምህርት ጊዜው ሌሊት ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ወይም ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው፣ ተማሪዎቹ ደበሎአቸውን እንደ ለበሱ መብራት በሌለበት ይሰበሰቡና ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክአ ኢየሱሱን፣ ሌላውንም ጸሎት መምህሩ ሲሰጣቸው እየተቀበሉ ይሉታል። በዚያች ሰዓት ማንም የማንንም ፊት አያይም። ዐይናማውና ዐይነ ስውሩ አንድ ናቸው፤ የሚበላለጡትም በመስማትና በመያዝ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው እጅ ሲመራ የዋለው ልጅ ሌሊት ሲሆን ለጓደኛው የዘነጋውን ያስታውሰው ነበር።

በቅኔ ቤት ደግሞ ይህ እኩልነት ከሌሊቱ ወደ ቀኑ ተላልፎ ይገኛል። የቅኔ ተማሪ ማታ ግሱን ከመምህሩ ይቀበላል፤ እርባታውንና አገባቡን በቃሉ ያጠናል። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ፣ ራሱን ተከናንቦ ይቈጥራል። ዐይን ያለውም ቢሆን በዚያን ጊዜ ዐይኑን ይጨፍናል፤ የሚያየው ነገር አሳቡን ይበትንበታልና። በብራናም በወረቀትም አይጽፍም፤ ቤቱን ከቤት፣ ሰሙን ከወርቁ ጋር በልቡ ገጥሞ ይዞ ይነሣና በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ሰምቶ ወዲያው ያርመዋል፤ የዜማው ልክ ሲጎድል ይሞላዋል፣ ምሥጢሩ ሲላላ ያጠብቅለታል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ሆነች ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ የሚወለዱት በልብ፣ የሚመዘኑትም በጆሮ ነው። የትናንት ቅኔ ዛሬ አይደገምምና ከመጽሐፍ የሚቀዳ ነገር የለም። እንግዲህ ሥርዓቱ እንዲህ ከሆነ ዐይነ ስውሩ ከዐይናማው የሚያንስበት በምን ነው? በምንም አይደለም። ዐይናማው በፈቃዱ ጨፍኖ የሚገባበትን ቤት እርሱ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ትምህርቱ እኩል ሲሆን ኑሮው ግን እኩል አልነበረም። አኩፋዳ ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ በየደጁ መሄድ፣ ውሻውን መከላከል፣ ወንዙን መሻገር፣ ከአንድ ጉባኤ ወደ ሌላው የብዙ ቀን መንገድ መጓዝ ዐይን ይፈልጋል። ይህንም የሞላው የተማሪዎቹ ማኅበር ነው። አንዱ ጓደኛ ዱላውን ይዞ ይመራዋል፤ ዐይነ ስውሩም በልቡ የያዘውን ግስ በመንገድ እየነገረ ይቀጽለዋል። ስለዚህ መሪውም በነፃ አልመራም፤ ተመሪውም በነፃ አልተመራም። ደጀ ሰላሙ ያልነበረው ነገር ይህ ነው። በደጀ ሰላሙ አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ሆነው ይለያያሉ፤ በጉባኤው ግን ሁለቱም ሰጥተው ሁለቱም ይቀበላሉ።

የዚህን ሥርዓት ፍሬ ለማየት ሁለት ሰዎችን መጥራት ይበቃል። አለቃ አያሌው ታምሩ በ1915 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በሕፃንነታቸው ዐይናቸው ጠፋ። ከቅኔውና ከመጻሕፍቱ ጉባኤ ገብተው ተምረው በሊቅነታቸው የታወቁ ሆኑ፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደረሱ፤ መጻሕፍትም አሳተሙ፤ በ1999 ዓ.ም. ዐረፉ። ትምህርታቸውን የሰማ ሰው የሚያስታውሰው ጥቅሱ ከነስፍራው ከአፋቸው ሲወጣ ነው እንጂ የዐይናቸውን መጥፋት አይደለም።

ሁለተኛዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። በጎጃም ከቅኔ መምህር አባት ተወልደው በልጅነታቸው ዐይናቸው ጠፋ፤ ቅኔውንም ከአባታቸው ጉባኤ ተማሩ። ሴት ልጅ በቅኔ ማኅሌት ቆማ ቅኔ ማሰማቷ ይቅርና ፊደል መቍጠሯ እንኳ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ለብዙ ወንዶች ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተማሩ። በእርሳቸው ላይ ሁለት በር ተዘግቶ ነበር፤ አንደኛው የዐይን፣ ሁለተኛው የሴትነት። የመጀመሪያውን በር የቅኔው ሥርዓት ራሱ ከፈተው፤ ሁለተኛውን የከፈተው አባት ለልጁ የነበረው እምነት ነው። ይህንም ልብ ያለ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ አባታቸው የቅኔ መምህር ባይሆንስ ኖሮ? ከጉባኤ ቤት ርቃ የተወለደችው ዐይነ ስውር ልጅ፣ የእማሆይ ገላነሽን ያህል ልብ ቢሰጣትም፣ የት ደረሰች? ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ከምድጃው ጥግ ወይም ከደጀ ሰላሙ አላለፈችምና። እንግዲህ የአባቶችን ሥርዓት ስናመሰግን የተዘጋውንም በር ሳንሸሽግ ነው።

የተዘጋ በር በወንዶቹም ዘንድ ነበረ። የድጓ ተማሪ ድጓውን በእጁ ይጽፋል፤ ምልክቱን በየቃሉ ራስጌ ያሰፍራል፤ ለምስክርም ሲቀርብ ከመጽሐፉ ጋር ነው። ዐይነ ስውሩ ዜማውን በጆሮው ጠንቅቆ ቢይዘውም በዚህ ስፍራ ሲደርስ መጽሐፉ ይገታዋል። እንዲሁም የትርጓሜ መጻሕፍትን አንድምታውን በቃሉ ይዞ ሳለ፣ አንድ ቃል ቢጠራጠር ገልጦ የሚያይለት ሰው መጠበቅ አለበት። ጆሮው የከፈተለትን መጽሐፉ ዘጋበት ማለት ነው።

ይህን የመጽሐፍ በር ለመክፈት ሥራ የተጀመረው በፈረንሳይ አገር ነው። ቫለንታን አዊ የተባለ ሰው በ1785 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለዐይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተና ወረቀት ላይ ጎልተው የሚዳሰሱ የላቲን ፊደላት አሳተመ። ፊደላቱ ግን ለዐይን የተፈጠሩ ነበሩና ጣት አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሲለያቸው ይዘገይ ነበር፤ ልጆቹም አንብበው መጻፍ አይችሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1809 እ.ኤ.አ. ኩቭሬ በተባለች መንደር ከኮርቻና ልጓም ሠሪ ቤት ሉዊ ብራይ ተወለደ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በአባቱ መሥሪያ ቤት በወስፌ ሲጫወት ዐይኑን ወጋው፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዐይኑ ተላልፎ ፈጽሞ ታወረ። በ1819 እ.ኤ.አ. ከፓሪሱ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ሳለ ሻርል ባርቢዬ የተባለ መኰንን በጨለማ የሚነበብ ጽሕፈት ብሎ ያወጣውን የ12 ነጥብ ጽሕፈት ተመለከተ፤ 12ቱ ነጥብ ከጣት ጫፍ በላይ ስለ ሆነ ወደ 6 አሳነሰው። ስድስቱ ነጥቦች አንዱ ከአንዱ እየተገናኙ 63 ምልክት ይሆናሉ። ይህን ሲሠራ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። የሚጽፍበትም መሣሪያ ሹል መውጊያ ነበረ፤ በልጅነቱ ዐይኑን ያጠፋው የወስፌው ዐይነት ሹል ብረት በእጁ ሲገባ ለብዙ ሺህ ሰው የማንበቢያ በር ከፈተ።

ለዚህ ደብር አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የሚከተለው ነው። ብራይ በ1829 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ በነጥብ የሚጻፉትን ነገሮች በርእሱ ሲዘረዝር ሦስት ነገር ይጠራል፤ ቃልን፣ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያንን ዜማ። የዐይነ ስውራን ጽሕፈት ከተፈጠረ ጀምሮ የማኅሌት መሣሪያ ሆኖ ተፈጠረ ማለት ነው። ብራይ ራሱ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን እየመታ ያገለግል ነበር። እርሱ በ1852 እ.ኤ.አ. ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ በ1854 እ.ኤ.አ. ጽሕፈቱ በፈረንሳይ በሕግ ጸደቀ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ዐይኑ እጅግ የደከመው ሉዊ ቪዬርን ከ1900 እስከ 1937 እ.ኤ.አ. የኖትር ዳም ካቴድራል ኦርጋን መቺ ሆነ፤ ፈጽሞ ዐይነ ስውር የነበረው ዣን ላንግሌም ከ1945 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በሳንት ክሎቲልድ ቤተ ክርስቲያን አገለገለ። ሁለቱም አዲስ የሙዚቃ ድርሰት በመድረስ የታወቁ ናቸው እንጂ የሌላውን ብቻ የደገሙ አልነበሩም። በፓሪስ መጽሐፉ በጣት ሲነበብ የሆነው፣ በጎጃም ቅኔው በልብ ሲቈጠር ከሆነው ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም አገር ዐይነ ስውሩ ከሰሚነት አልፎ ደራሲ ሆኗል።

የነጥቡ ጽሕፈት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከፊደላችን ጋር መስማማት ነበረበት። ፊደላችን 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ 63ቱ ምልክቶች ይህን ሁሉ አይበቁም። ስለዚህ በአማርኛው የነጥብ ጽሕፈት ዋናው ፊደልና ድምፁ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ፊደሉ በአንድ ምልክት፣ ካዕቡ ሣልሱ ራብዑ ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ በሌላ ምልክት። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሰበታ የተቋቋመው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በዚህ ጽሕፈት ብዙ ልጆችን አስተምሮ ከዐይናማው እኩል ለከፍተኛ ትምህርት አብቅቷል።

መንግሥታትም ነገሩን ከምጽዋት አውጥተው ከሕግ አግብተውታል። በ2006 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ አካል ጉዳተኛ ሰው ኪነ ጥበብን መቅመስ ብቻ ሳይሆን የራሱን የፈጠራ ችሎታ ማሳደግና መጠቀም እንደሚገባው ይደነግጋል፤ ይህም ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩም ብልጽግና ነው ይላል። ኢትዮጵያም በዐዋጅ ቍጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። በ2013 እ.ኤ.አ. በማራኬሽ የተፈረመው ውል ደግሞ የታተመ መጽሐፍን ለዐይነ ስውራን በሚዳሰስ ወይም በሚሰማ መልክ ማዘጋጀት ይፈቀድ ዘንድ መንገድ ከፍቷል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ በሩን ያላቅቃል እንጂ ማንንም እጁን ይዞ አያስገባም። ማስገባት የደብርና የመምህር ሥራ ነው።

በዚህ ላይ የሚታሰብ ሌላ ነገር አለ። የጆሮ ትምህርት ለዐይነ ስውሩ የከፈተው በር መስማት ለተሳነው ሰው የተዘጋ ነው። የዜማው ቤት ሁሉ በጆሮ ስለ ታነጸ እርሱ ከውጭ ቀርቶአል። ይሁንና የማኅሌታችን ሥርዓት ለጆሮ ብቻ የተሰጠ አይደለም። መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ፣ ሊቃውንቱ ወዲያና ወዲህ ሲዘሙ፣ ጸናጽሉ ከከበሮው ጋር ሲስማማ፣ ያ ሁሉ ለዐይን የሚናገር ዜማ ነው። የከበሮው ምትም በእጅና በደረት ይታወቃል። በፓሪስ ቄስ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ በ18ኛው ምዕት ዓመት መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምረው በእጅ ምልክት ነበረ፤ ሥራውንም የጀመረው የሃይማኖትን ትምህርት እንዳይነፈጉ አዝኖ ነው። በኢትዮጵያም የምልክት ቋንቋ አለ፤ ተርጓሚ በዐውደ ምሕረቱ አጠገብ ቢቆም ስብከቱና መዝሙሩ በእጅ ይነገራል። ደግሞ መቋሚያውን እንመልከት። ሌሊቱን ሙሉ መቆም ለደከማቸው እግሮች ድጋፍ የሆነው በትር በሊቃውንቱ እጅ የዝማሜ መሣሪያ ሆነ። ድካምን ለመርዳት የገባው ነገር ማኅሌቱን አላዋረደውም፤ ጌጡ ሆነለት እንጂ።

አሁን ባለው ዘመን ግን ሊያስፈራ የሚገባ ነገር ይታያል። በየደብሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙሩን ከታተመ ወረቀትና ከስልክ ላይ እያዩ ይማራሉ፤ በግድግዳ ላይ በብርሃን የሚታይ ጽሑፍም አለ። ይህ ለዐይናማው ፍጥነት ነው፤ በመካከላቸው ለቆመው ዐይነ ስውር ልጅ ግን ዝምታ ነው። አያቱ በጨለማ ከጓደኞቹ እኩል የተማረውን እርሱ በብርሃን ሳይማረው ይቀራል። መሣሪያው በበዛበት ዘመን በሩ ከጠበበ የአባቶችን ሥርዓት በእጃችን አፈረስነው ማለት ነው። ያው ስልክ ግን ጽሑፉን በድምፅ ሊያነብ ይችላል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን ያለማሰብ ነው።

መድኃኒቱም ከአቅም በላይ አይደለም። የመዝሙር መምህሩ ወረቀቱን ከማደሉ በፊት ቃሉን በአፉ ይስጥ፤ ልጆቹም እንደ ጥንቱ ይቀበሉት። ከመዝሙሩ፣ ከውዳሴ ማርያሙና ከሥርዓተ ቅዳሴው አንዳንድ ቅጂ በነጥብ ጽሕፈት ተዘጋጅቶ በዕቃ ቤት ይቀመጥ። እግሩ ለማይሄድ ሰው በደረጃው አጠገብ ዘመም ያለ መውጫ ይሠራለት። ጉባኤ ቤት ባለበትም ደብር ዐይነ ስውር ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንስጠው የሚል ሳይሆን ምን እናስተምረው የሚል ይሁን፤ ከተማረም በኋላ ምን ያስተምረን የሚል ይሁን። ሴት ልጅ ስትመጣም ጥያቄው ያው ይሁን። በመልካሟ ደጅ ተቀምጦ ይለምን የነበረው አንካሳ በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ዮሐንስ እጅ ከተነሣ በኋላ ወደ ቤቱ አልሮጠም፤ ወደ ቤተ መቅደስ ገባና ከሚያመሰግኑት ጋር አመሰገነ። ከደጁ የሚነሣ ሰው የሚናፍቀው ወደ ውስጥ መግባትን ነው።

ይህም የኢዮቤልዩ መጽሐፍ በቀለም የታተመ ነውና ከደብሩ ልጆች አንዳንዶቹ ሊያነቡት አይችሉም። ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ ባለው ሰንበት ድምፁ ያማረ አንባቢ ተመርጦ በዐውደ ምሕረቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢያነበው፣ በደጀ ሰላሙ የተቀመጡትም ወደ ውስጥ ተጠርተው ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው ቢሰሙት፣ የደብሩ ታሪክ ለሁሉ ልጆቹ ደረሰ ይባላል። ከሰሚዎቹም መካከል አንዱ ተነሥቶ ስለ በዓሉ አንዲት ጉባኤ ቃና ቢቈጥር፣ መምህራኑ ሰምተው ያርሙለት፤ የሚገባውንም ስፍራ ይስጡት።